ሜታቦሊዝም፦ ከወፍጮው በኋላ ያለው ሥራ

ጥያቄው የመጣው በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጤና ጽሑፎችን ወደ አማርኛ ከሚመልሱ አንዲት ተርጓሚ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ከአራስ ሕፃን ተረከዝ ስለሚወሰድ የደም ምርመራ የተጻፈ በራሪ ወረቀት እየተረጎምኩ ነው። ምርመራው ‹የሜታቦሊዝም ችግር› ያለባቸውን ሕፃናት ለመለየት ነው ይላል። እኔ ‹የምግብ መፈጨት ችግር› ብዬ ጻፍኩት፤ አርታዒው አልተቀበሉኝም። ሜታ ማለት ‹ባሻገር› እንደሆነ ሜታፊዚክስ ከሚለው ቃል አውቃለሁ። ‹ኢዝም› ደግሞ የአስተሳሰብ መጠሪያ ይመስለኝ ነበር። ቃሉ ከየት መጣ? በአማርኛስ ምን ልበለው?»

አርታዒው ልክ ናቸው። «የምግብ መፈጨት ችግር» የሚለው አባባል ያነሰ ወይም የላላ ትርጉም ቢሆን ኖሮ አላስቸግርዎትም ነበር፤ ግን ሌላ በሽታ ነው የሚናገረው። ይህን ያነበበች አራስ ልጇ ሆዱን የታመመ ይመስላታል። በዚህ ምርመራ ከሚፈለጉት በሽታዎች አንዱና የታወቀው ፌኒልኬቶኑርያ ነው፤ በዚህ በሽታ የሕፃኑ ጨጓራና አንጀት ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። የጠባው ወተት ይፈጫል፣ ይደቅቃል፣ ወደ ደም ይገባል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የጥያቄዎ መልስ በሙሉ «ከዚያ በኋላ» በሚለው ላይ ስለሚያርፍ እሱን ይያዙልኝ።

ስሕተቱ ምን እንደሚያስከትል አይቻለሁ። ከዓመታት በፊት በውጭ የምትኖር ዘመዴ ደውላ «ልጁ ምግብ አይፈጭለትም ተባልኩ» አለችኝ። የሰጧትን ወረቀት በስልክ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። እንግሊዝኛው የሚለው በተረከዝ ደም ላይ የሜታቦሊዝም ችግር ምልክት ስለታየ ሕፃኑ በአስቸኳይ ለሁለተኛ ምርመራ ይምጣ ነው። ያስተረጎመላት ሰው «ሆዱ አይፈጭም» ብሏታል። እሷም የአብሽ ውኃ ስታጠጣው ሰነበተች፤ ልጁ ማልቀሱን ሲቀንስ «ተሻለው» ብላ ቀጠሮውን ልትተወው ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ይዛው ሄደች፤ ሁለተኛው ምርመራ ደኅና ሆኖ ወጣ። ደኅና ባይሆን ኖሮ ግን ያለፉት ቀናት የሕፃኑን አእምሮ የሚጎዱ ቀናት ነበሩ።

አሁን ወደ ቃሉ። በአማርኛ ሆድ ውስጥ ለሚሆነው ነገር ያለን አነጋገር ከወፍጮ የተወሰደ ነው። ምግብ «ተፈጨ» እንላለን። የትምህርት መጻሕፍቱ «ልመት» የሚሉትም ከዚያው ሰፈር ነው፤ ዱቄት በደንብ ሲደቅ «ላመ» ይባላልና። ግሩም ምሳሌ ነው፣ ምክንያቱም ጥርስ፣ ጨጓራ፣ ቆሽትና ትንሹ አንጀት የሚሠሩት በእርግጥ የወፍጮ ሥራ ነው። ሽሮው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደቅቆ አሚኖ አሲድ ይሆናል፤ እንጀራው ውስጥ ያለው ስታርች ደቅቆ ግሉኮስ ይሆናል። ወፍጮ ግን እንጀራ አይጋግርም። ዱቄቱ ቤት ከገባ በኋላ ይቦካል፣ ይጋገራል፤ ገሚሱ ለነገ ይቀመጣል፤ ምጣዱ ሥር ደግሞ እንጨት ይነዳል። ሜታቦሊዝም የሚባለው ይህ የቤት ውስጥ ሥራ ነው። አሚኖ አሲዱ የራሳችን ጡንቻ፣ የራሳችን ደም፣ የራሳችን ሆርሞን ይሆናል፤ ግሉኮሱ ይነዳል ወይም በጉበት ይከማቻል ወይም ወደ ስብ ይለወጣል፤ ያረጀው ፈርሶ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በሕዋስ ውስጥ ነው፤ ምንም ሳንበላ ስንውልም አያቋርጥም። የጾመ ሰው አንጀቱ ባዶ ነው፤ ሜታቦሊዝሙ ግን ይሠራል። ልዩነቱን ለመፈተን ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

የቃሉን ታሪክ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም ቃሉን ያፈለቀው ሰው ስለ ምግብ መፈጨት በዘመኑ ከማንም በላይ ከሚያውቁት አንዱ ነበር። ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን በ1836 (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከጨጓራ ውስጥ ፕሮቲንን የሚያደቅቅ ነገር ለይቶ አወጣና ፔፕሲን ብሎ ሰየመው። ፔፕሲስ በግሪክ መብሰልም ነው፣ በሆድ ውስጥ መፈጨትም ነው። ግሪኮቹ ሆድን እንደ ድስት አይተውታል፣ እኛ እንደ ወፍጮ። ሽቫን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ እንስሳም ዕፅዋትም ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን ያስረዳበትን መጽሐፉን አወጣ። እዚያ ውስጥ ሕዋሳት በውስጣቸውና በዙሪያቸው ያለውን ነገር ወደ ሌላ ነገር የመለወጥ ኃይል እንዳላቸው ጻፈ። ለዚህ ኃይል ስም ሲፈልግ በእጁ የነበረውን ፔፕሲስን አልተጠቀመበትም። «ሜታቦሊሽ» የሚል ቅጽል አመጣ፤ ከግሪኩ «ሜታቦሊኮን» እንደወሰደው እዚያው ገለጸ፤ ፍቺውንም ለውጥን የሚያመጣ ወይም ለውጥን የሚቀበል ብሎ አስቀመጠው። ፔፕሲንን ያገኘ ሰው ለሕዋሱ ሥራ ሌላ ቃል ካስፈለገው እኛ ሁለቱን በአንድ ቃል የምንጠቀልልበት ምክንያት የለም።

ሜታቦሌ በግሪክ ተራ ቃል ነው፤ ለውጥ ማለት ነው። አሪስቶትል የየትኛውንም ዓይነት ለውጥ፣ መወለድንና መጥፋትን ጭምር፣ በዚህ ቃል ይጠራ ነበር። የበታቹ ግሥ ባሌይን ነው፤ መጣል፣ መወርወር። ሜታ ሲጨመርበት ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መጣል፣ ማዞር፣ መለወጥ ይሆናል። ይህ ግሥ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፣ በሌላ በር ገብቶልናልና። ዲያብሎስ የሚለው ስም ከዚሁ ነው፤ ዲያ እና ባሌይን፣ በመካከል የሚጥል፣ ስም የሚያጠፋ፣ ከሳሽ። ሲምቦል አንድ ላይ የተጣለ ነው፤ ፕሮብሌም ከፊት የተጣለ፤ ሐኪሞች ኢምቦሊዝም የሚሉት የደም ሥርን የሚዘጋ ነገር ደግሞ ወደ ውስጥ የተጣለ። ዲያቤቲስ ግን በድምፁ ቢመስልም የእነዚህ ዘመድ አይደለም። እሱ ማለፍ፣ መሻገር ከሚል ሌላ ግሥ የመጣ ነው፤ ውኃው በሰውየው ውስጥ አልፎ የሚሄድ ስለመሰላቸው። ተማሪዎች ዲያቤቲስን ከዲያብሎስ ጋር ሲያዛምዱ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ሕመምተኛ ፊት መነገር የሌለበት ስሕተት ነው።

ስለ ሜታ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ሜታ በግሪክ ከአንድ በላይ ሥራ አለው። ብቻውን ቆሞ «በኋላ» የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ ሜታፊዚክስ የተባለውም የአሪስቶትል ጽሑፎች ሲደረደሩ ከተፈጥሮ ትምህርቱ መጻሕፍት በኋላ የተቀመጡት ስለሆኑ ነው። «ባሻገር» የሚለው ስሜት ከዚያ በኋላ የተለጠፈ ነው። ከግሥ ጋር ሲጣመር ግን ብዙውን ጊዜ መለወጥን ያመለክታል። ሜታሞርፎሲስ የመልክ መለወጥ ነው፤ አባጨጓሬ ቢራቢሮ ሲሆን። በአዲስ ኪዳኑ ግሪክ «ንስሐ» የተባለው ሜታኖያ ነው፣ የልብና የአሳብ መለወጥ። ሜታቦሊዝም የሚሰለፈው ከእነዚህ ጋር ነው። «ከሆድ ባሻገር» ብለው ቢተረጉሙት በአጋጣሚ እውነት የሚመስል ነገር ይናገራሉ፤ የቃሉ ፍቺ ግን አይደለም።

«ኢዝም» ደግሞ እኛ አገር የገባው ከሶሻሊዝምና ከኮሙኒዝም ጋር በመሆኑ የርዕዮተ ዓለም ምልክት መስሎ ቀርቷል። በመሠረቱ የግሪክ የስም ማውጫ ጅራት ነው፤ ከግሥ ድርጊትን ወይም የድርጊትን ውጤት ያወጣል። ከጥምቀት የግሪክ መጠሪያዎች አንዱ ባፕቲስሞስ ነው፤ አጠመቀ ከሚለው ግሥ። ሜታቦሊዝምም እንዲሁ መለወጥ የሚባል ድርጊት ነው፤ ተከታይ የለውም፣ ፓርቲ የለውም።

ቃሉ በስም መልኩ በእንግሊዝኛ የተተከለው በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ በካምብሪጁ የፊዚዮሎጂ መምህር በማይክል ፎስተር አማካይነት ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዞቹም ልክ እንደ እርስዎ ተቸግረው ነበር። ጀርመኖች ለዚሁ ጉዳይ «ሽቶፍቬክስል» የሚል የራሳቸው ጥምር ቃል ነበራቸው፤ ሽቶፍ ቁስ ወይም ንጥረ ነገር ነው፣ ቬክስል መለዋወጥ። ኬሚስቱ ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ በ1842 ስለ እንስሳት ኬሚስትሪ የጻፈው መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ የሰውነት ሥጋ «ሜታሞርፎሲስ» እያሉ ነበር የገለጹት፤ አባጨጓሬውን የሚያስታውስ፣ ለሥራ የማይመች ቃል። ፎስተር ሜታቦሊዝምን ሲያነሣ ችግሩ ተቃለለ። ሩሲያውያን በጀርመኖቹ መንገድ ሄደው «ኦብሜን ቬሽቼስትቭ» ይላሉ፣ የቁስ ልውውጥ ማለት ነው፤ በሶቪየት ኅብረት የተማሩ ሐኪሞቻችን ጆሮ ውስጥ አሁንም አለ። ዕብራይስጡም እንደዚሁ «ሒሉፍ ሖማሪም» ይላል፤ በእስራኤል ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ክሊኒክ ውስጥ የሚሰሙት ይኸን ነው። በዐረቡ ዓለም ምግብንና ውሕደትን አጣምሮ የሚገልጽ ሐረግም፣ «አይድ» የሚል አጭር ቃልም አለ። እያንዳንዱ ቋንቋ መንገዱን መርጧል። እኛ ገና ነን፤ ጥያቄዎንም አክብሬ የምመልሰው ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ላስገባ። የቃል ሥር መንገድ ያሳያል እንጂ ፍቺ አይሰጥም። በ1886 የካምብሪጁ ዎልተር ጋስኬል ሜታቦሊዝምን ለሁለት ከፈለው፦ መገንባቱን አናቦሊክ፣ ማፍረሱን ካታቦሊክ አለ። አና ወደ ላይ ነው፣ ካታ ወደ ታች። ጥሩ አከፋፈል ነው፤ እስካሁንም እንሠራበታለን። ሆኖም በጥንቱ ግሪክ ካታቦሌ የሚለው ቃል መሠረት መጣልን ነበር የሚያመለክተው። በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 4 «ዓለም ሳይፈጠር» ተብሎ በአማርኛ የተተረጎመው ሐረግ በግሪኩ ካታቦሌን ይዟል፤ የዓለም መመሥረት። ያው ቃል በወንጌሉ ዘመን መመሥረት፣ በቤተ ሙከራው ዘመን ማፍረስ ሆነ። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግሪኩን አይተው የሳይንሱን ትርጉም ከዚያ አይጭመቁት። ሳይንቲስቱ ቃሉን ሲወስድ ለምን ሥራ እንዳዋለው ይጠይቁ።

ለምን ሥራ ዋለ? እዚህ ላይ ሁለተኛው የተለመደ አለመግባባት አለ፤ ሜታቦሊዝምን «ካሎሪ ማቃጠል» ብቻ ማድረግ። ይህ አሳብ የተከበረ አባት አለው። ፈረንሳውያኑ ሳይንቲስቶች አንቷን ላቮዚየና ፒየር ሲሞን ላፕላስ በ1780ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ጊኒ ፒግ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው ከሰውነቷ በሚወጣው ሙቀት ስንት በረዶ እንደቀለጠ መዘኑ፤ ከምትተነፍሰው ጋር አስተያዩትና መተንፈስ ዝግ ያለ መቃጠል ነው አሉ። ትክክል ነበሩ። ግን ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ከዚያም በላይ ብዙዎች ሰውነትን እንደ ሞተር አዩት፦ ሞተሩ አንዴ ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ምግቡ ነዳጅ ነው፣ ነዳጁ ይነዳል፣ ሞተሩ ያው ይኖራል።

ይህን ያፈረሰው ከናዚ ጀርመን ወጥቶ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሩዶልፍ ሾንሃይመር ነው። በ1930ዎቹ እሱና ባልደረቦቹ ዕድገታቸውን የጨረሱ፣ ክብደታቸው የማይጨምር አይጦችን ወሰዱ። እንግዲህ ሞተሩ ተሠርቶ ካለቀ የሚበሉት አሚኖ አሲድ ነድዶ በሽንት መውጣት አለበት። አሚኖ አሲዱን ከተለመደው በከበደ ናይትሮጅን ምልክት አደረጉበትና አበሏቸው። በሽንት የወጣው ከሲሶ ያነሰ ሆነ። ከግማሽ በላይ የሆነው ምልክት የተደረገበት ናይትሮጅን በአይጦቹ የራሳቸው ፕሮቲን ውስጥ፣ በጉበታቸው፣ በአንጀታቸው፣ በኩላሊታቸው ተገኘ። ክብደታቸው አልተለወጠም፤ ይህ ማለት የገባው ያህል አሮጌው ወጥቷል። ቤቱ ከውጭ ሲያዩት እንደቆመ ነው፤ ጡቡ ግን አንድ በአንድ እየተነቀለ በአዲስ እየተተካ ነው። ሽቫን ከመቶ ዓመት በፊት «ለውጥን የሚያመጣ ወይም ለውጥን የሚቀበል» ሲል ሁለቱንም ወገን መያዙ ምን ያህል እንደረዳ የሚታየው እዚህ ነው። ሰውነት ምግቡን ይለውጣል፤ ራሱም ይለወጣል። «ካሎሪ ማቃጠል» ያለ ሰው ይህን ሁሉ ጥሎታል።

አሁን በራሪ ወረቀትዎ ላይ ወዳለው ሐረግ እንመለስ። «ከውልደት የመጣ የሜታቦሊዝም ስሕተት» የሚለውን አነጋገር ያወጣው እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺባልድ ጋሮድ ነው፤ በ1908 ለንደን ላይ በሰጣቸው ተከታታይ ንግግሮች። ሽንታቸው አየር ሲያገኘው የሚጠቁር ሰዎችን ሲያጠና ቆይቶ፣ ነገሩ ከተሕዋስያን የመጣ ሳይሆን በዘር የሚወረስ አንድ የኬሚስትሪ ደረጃ መጉደል መሆኑን አስተዋለ። ፌኒልኬቶኑርያ የታወቀው ከዚያ በኋላ በ1934 ነው፣ በኖርዌይ። ሁለት ልጆቿ አእምሯቸው ሳያድግ የቀረባት እናት የልጆቿ ሽንት ለምን እንደዚህ እንደሚሸት ከሐኪም ሐኪም እየዞረች ትጠይቅ ነበር። ሁሉም አላወቁላትም። አስቢዮርን ፎሊንግ የተባለው ሐኪም ሽንቱን ተቀብሎ ፌሪክ ክሎራይድ የተባለ ኬሚካል ጠብ አደረገበት። ይህ የተለመደ ምርመራ ነው፤ ቀለሙ እንዳለ ይቆያል ወይም ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል ብሎ ጠብቆ ነበር። አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ በሊትር የሚቆጠር ሽንት ሰብስቦ፣ አጣርቶ፣ አረንጓዴውን ያመጣው ፌኒልፒሩቪክ አሲድ መሆኑን አረጋገጠ።

ዛሬ የምናውቀው እንዲህ ነው። ፌኒልአላኒን በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላል፣ በጥራጥሬ ፕሮቲን ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ ነው። ጤነኛ ጉበት የሚተርፈውን በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ታይሮሲን ወደሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይለውጠዋል። ኢንዛይም የሚለው ቃል ራሱ፣ በነገራችን ላይ፣ ከግሪክ «በእርሾ ውስጥ» ከሚል የተሠራ ነው፤ ሊጥ አቡክቶ ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፣ ጥቂቱ ብዙውን ይለውጣልና። በፌኒልኬቶኑርያ ይህ ኢንዛይም ይጎድላል ወይም አይሠራም። ፌኒልአላኒኑ ሳይለወጥ በደም ይከማቻል፤ በማደግ ላይ ያለውን አእምሮም ይጎዳል። መላው ዱቄት ተፈጭቶ ቤት ገብቷል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ከብዙዎቹ አንዷ ጋጋሪ የለችም። ወፍጮውን ብታድሱት ምን ይጠቅማል? ሆድ ማሸት፣ የአብሽ ውኃ፣ ጠና አዳም፣ ለሆድ የሚሰጥ ማናቸውም ነገር እዚህ አይደርስም። የሚደርሰው ፌኒልአላኒን በልክ የተቀነሰበት ምግብ ነው፤ እሱም ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ከተጀመረ ልጁ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ጋትሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማጣሪያ ወረቀት ላይ የምትጠብ የተረከዝ ደም ብቻ የምትፈልግ ምርመራ ያዘጋጀው ለዚህ ነው። የበሽታው ምልክት በዓይን እስኪታይ ከተጠበቀ ይረፍዳል።

እንግዲህ ምርጫዎቹ። «የምግብ መፈጨት» እና «ልመት» ወድቀዋል። «የንጥረ ነገር ልውውጥ» የጀርመኑን፣ የሩሲያውንና የዕብራይስጡን መንገድ ይከተላል፤ ክብር አለው፤ ግን በአማርኛ ልውውጥ ሲባል ሁለት ወገን ይታየናል፣ ሰጪና ተቀባይ፣ የምርኮኛ ልውውጥ፣ የደብዳቤ ልውውጥ። አንባቢው ሳንባ አየር ሲቀባበል ይመስለዋል። ግእዝ የሚያውቁ ወዳጆቼ «ውላጤ»ን ያነሡልኛል። በፍቺ ረገድ ከሜታቦሌ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ቃል ነው። ነገር ግን በአእምሯችን ውስጥ ቦታ ይዟል፤ ቃል ሥጋ የሆነው «ያለ ውላጤ» ነው ሲባል የሰማ ምእመን በሕክምና ወረቀት ላይ ሲያየው ሌላ ነገር ያስባል፤ ያልሰማው ደግሞ ጨርሶ አይገባውም። ለመዝገበ ቃላት ሥራ ይመከርበት፤ ለአራስ እናት ወረቀት አይሆንም። «ኃይል ማመንጨት» የሚሉም አሉ፤ ካሎሪ ማቃጠል ላይ ያልኩት ይመልሰዋል።

እኔ የምመክርዎት ሜታቦሊዝም የሚለውን ቃል እንዳለ መውሰድ ነው። ቫይታሚን፣ ሆርሞን፣ ፕሮቲን እንደዚሁ ገብተው ዛሬ ማንም አይደነግጥባቸውም። አጻጻፉንም በ«ዝ» ያድርጉት፣ በመላው ጽሑፍ ላይ አይለዋውጡት። ለመጀመሪያ ጊዜ በሚመጣበት ቦታ ላይ ግን ብቻውን አይተዉት፤ «ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ምግብ ተፈጭቶ ወደ ደም ከገባ በኋላ በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ የሚካሄደው መለወጥ» ብለው ያስከትሉ። «ከገባ በኋላ» የሚለውን አይቀንሱት፤ ወፍጮውን ከቤቱ የሚለየው እሱ ነው።

ይህ ምክር ወሰን አለው። ቃሉ ክብደት ስለ መቀነስ በሚነገርበት ቦታ ተበላሽቷል፤ «ሜታቦሊዝምን የሚያፋጥን ሻይ» የሚል ማስታወቂያ ያነበበች እናት «የሜታቦሊዝም ችግር» ሲባል ልጇ ይወፍራል ወይም ይከሳል ማለት ሊመስላት ይችላል። «የኔ ሜታቦሊዝም ዘገምተኛ ነው» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። በ2021 የታተመ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት የሰውነት መጠን ከግምት ሲገባ የዕለት የኃይል ወጪ ከ20 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ድረስ ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። በእርግጥ የሚያዘገየው ነገር አለ፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲቀንስ ነው፤ እሱም በደም ምርመራ ይለያል፣ በሻይ አይታከምም። ስለዚህ በእርስዎ ወረቀት ላይ የክብደት ጉዳይ እንዳልሆነ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ቢገለጽ አይበዛም።

ስለ በሽታው በቀጥታ በሚናገረው አንቀጽ ላይ ደግሞ ሳይንሳዊውን ቃል ትተው የሚሆነውን ይናገሩ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «የልጅዎ ሆድ ወተቱን በደንብ ይፈጫል። ነገር ግን በወተቱ ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን የተባለ ነገር ጉበቱ መለወጥ ላይችል ይችላል። ካልተለወጠ በደም ተከማችቶ አእምሮውን ይጎዳል። ይህን ለማረጋገጥ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በተነገርዎት ቀን ይምጡ። ልጅዎ ደኅና ቢመስልም አይዘግዩ። ሐኪሙ ሳይነግርዎት ጡት ማጥባትዎን አያቁሙ።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዳይዘሉት፤ በሽታው የተረጋገጠባቸው ሕፃናት እንኳ ከልዩ ወተት ጋር በሐኪም ልክ የእናት ጡት የሚያገኙበት መንገድ አለ፤ ያልተረጋገጠለት ሕፃን ጡት ቢከለከል በከንቱ ይራባል። የመጀመሪያው የተረከዝ ደም ውጤት የጥርጣሬ ምልክት ብቻ መሆኑንም ይጻፉ፤ አለዚያ እናቲቱ ወረቀቱን የፍርድ ወረቀት አድርጋ ታለቅሳለች።

ወረቀቱ ማተሚያ ቤት ሄዶ ከሆነ አርታዒውን ዛሬውኑ ይጥሩና ያስቁሙት። ታትሞ ተሠራጭቶ ከሆነ ደግሞ ክሊኒኮቹ ከመደርደሪያቸው እንዲያነሡት፣ በስልክ የሚያስተረጉሙትም «አይፈጭም» የሚለውን እንዳይደግሙት ይንገሯቸው።